ቲሸርቱ ይቅደም ወይስ ታሪኩ?

ቦንጋ ላይ ዝናብ የሌለበትን ጊዜ መቁጠር ይቀላል ይባላል። በግቢያችን ግን ከዝናቡ ሌላ በየዓመቱ ሳይቀር የሚመጣ አንድ ወቅት አለ፤ የቲሸርት ወቅት ልንለው እንችላለን። ተመራቂዎቹ መቶ ቀን ሲቀራቸው አንድ ቲሸርት ያሠራሉ። ለከለር ዴይ ሌላ ቲሸርት፣ ለጂሲ ዋንጫ ማልያ፣ ለመጨረሻው ሳምንት ደግሞ በጀርባው የክፍሉ ልጆች ስም የተደረደረበት ሁዲ ይከተላል። ከዚያ ሱፍ አለ፣ ጋዋን አለ፣ ፎቶ አለ፣ የምረቃ መጽሔት አለ። እኛ ሁለተኛ ዓመቶች ገና ብዙ ይቀረናል ብንል እንኳ የዲፓርትመንት ቲሸርት መዋጮ ደርሶናል። ምን አለፋችሁ፣ በየዶርሙ «ከፍለሃል? ከፍለሻል?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ እየቀደመ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ልብስ ምን ይናገራል? በእኔ አስተያየት ቲሸርት ማሠራት ነውር የለውም። አብሮ አራት ዓመት የኖረ ሰው ምልክት ቢፈልግ ተገቢ ነው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ መታሰቢያውን አስቀድመን እንገዛለን፤ የሚታሰበውን ነገር ግን አልሠራነውም። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ እስቲ አብረን እንየው።

መጀመሪያ ቲሸርቶቹን እናንብባቸው። አንዱ ላይ በእንግሊዝኛ «በመጨረሻ ነፃ ወጣን» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተጽፏል። ሌላው ላይ ከፊልም የተወሰደ ቀልድ አለ። ሦስተኛው ላይ የዓመተ ምሕረቱ ቁጥርና ጂሲ የሚሉት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። ይህን ቲሸርት የለበሰ ልጅ መቀሌ፣ አርባ ምንጭ ወይም ወልቂጤ ተምሮ ቢሆን ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ከተማዋ የለችበትም፣ ትምህርት ክፍሉ ምን እንደሠራ አይነግርም። ነፃ ወጣን የሚለውስ? ከምን? ከእስር ቤት የወጣ ሰው የእስር ቤቱን ማስታወሻ አሠርቶ አይለብስም። የምንኮራበት ቦታ ከሆነ ነፃ ወጣን አንልም፤ ነፃ የወጣንበት ከሆነ ደግሞ ኩራቱ ከየት መጣ?

ይህ ነገር የመጣው ከክፋት አይደለም። የአሜሪካ ተማሪ ኮሌጁን ራሱ ይመርጣል፣ ያመለክታል፣ ሲቀበሉት ይፈነድቃል፤ ኩራቱ ገና ግቢውን ሳይረግጥ ይጀምራል። እኛ ምርጫ እንሞላለን እንጂ የሚመድበን ሚኒስቴሩ ነው። ምደባ የወጣ ቀን ስንቱ ቤት «ቦንጋ ደግሞ የት ነው?» ተብሎ ካርታ ይፈለጋል። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከጅማም ወዲያ እንደሆነ ሲሰማ እናት ታለቅሳለች። እንዲህ ሆኖ የመጣ ተማሪ ኩራት ይዞ አይመጣም። እዚሁ መሥራት አለበት። ስለዚህ የትምህርት ቤት ልማድና ወግ ለእኛ ጌጥ ሳይሆን የመጀመሪያ ደረጃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ መዋጮው ልምጣ። መዋጮ ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ ስም ዝርዝር በር ላይ ይለጠፋል፤ የከፈለ ራይት ይደረግለታል። ያልከፈለው ስም አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም ይታያል። በአንድ የክፍል ፎቶ ላይ ሁሉም ጥቁር ቲሸርት ለብሶ፣ ሁለት ልጆች ዳር ላይ በየራሳቸው ሸሚዝ ቆመው አይቻለሁ። እነዚህ እንኳ ደፋሮች ናቸው። ፎቶው ላይ ጭራሽ ያልቆሙትን የሚቆጥራቸው የለም። ቤተሰቡ ለአንሶላና ለሳሙና ብር ለመላክ የሚቸገር ልጅ ከማን አንሼ ብሎ ይበደራል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለው ይሄ ነው። አንድነታችንን ለማሳየት ያሠራነው ልብስ በመካከላችን ያለውን የኪስ ልዩነት አጉልቶ ካሳየ፣ የአንድነት ልብስ ሊባል አይገባውም።

ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ አይሰጠውም። በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ የመንግሥቱንም የግሉንም ተቋማት አንድ ላይ ስንወስድ ካለፈው ይልቅ የወደቀው ይበልጥ ነበር፤ ከ10 ተፈታኝ ያለፉት 4 ገደማ ናቸው። ቲሸርቱ ግን የሚታተመው ከፈተናው በፊት ነው። «ተመራቂ» የሚል ጽሑፍ ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ያልተመረቀ ልጅ አለ ማለት ነው። ያንን ቲሸርት ምን ያደርገዋል? ሌሊት ልብስ? የኩራት ምልክታችን ለወደቀው ጓደኛችን መሸማቀቂያ ከሆነ፣ ከመጀመሪያውም የተሳሳተ ነገር ላይ ነው ያተምነው።

የዚህን ልማድ ምንጭ ብናይ የሚገርም ነገር እናገኛለን። በደረት ላይ የትምህርት ቤት ፊደል መልበስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1865 በሃርቫርድ የቤዝቦል ቡድን ነው ይባላል። ካፒቴኑ በታላላቆቹ ግጥሚያዎች የተሰለፉት ማልያውን እንዲያስቀሩ ይፈቅድ ነበር፤ ያልተሰለፈው በዓመቱ መጨረሻ ይመልሳል። አያችሁ፣ ልብሱ አይገዛም፤ ተሠርቶበት ይገኛል። ገበያው የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ቢል ባትል የተባለ የቀድሞ አሠልጣኝ የዩኒቨርሲቲዎችን ስምና ዓርማ ፈቃድ የሚያስተዳድር ኩባንያ አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ዓርማው ካለበት ከእያንዳንዱ ኮፍያና ቲሸርት ላይ ለዩኒቨርሲቲው ድርሻ ይከፈላል። እኛ የወሰድነው ልብሱን ብቻ ነው። ማልያውን በሥራ የሚያስገኘውን ወግም፣ ለትምህርት ቤቱ ድርሻ የሚያስቀረውን አሠራርም እዚያው ተውነው።

ይህ የውጭ አገር ነገር ነው የሚለኝ ካለ የአገራችንን ላምጣለት። የቅኔ ተማሪ ቤቱን ይጠራል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ። የዜማ ሰው ደግሞ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር ይላል። አንድ መሪጌታ የት እንደተማሩ ለማወቅ ሰርተፊኬት መጠየቅ አያስፈልግም፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ቤታቸው ይታወቃል። የቆሎ ተማሪ ዩኒፎርም ነበረው ከተባለ ደበሎና አኩፋዳ ነው፤ ያም ቢሆን የኑሮው ምልክት እንጂ የሚታይበት ጌጥ አልነበረም። እዚህ ላይ አልሙናይ የሚባለው ነገር በሰውየው ሥራ ውስጥ ነው ያለው። ቤቱ የራሱ መንገድ ስላለው ልጁ ያንን መንገድ ይዞ ይዞራል። እኛስ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን፤ ነገ አንድ አዘጋጅ ጽሑፋችንን አንብቦ «ይሄማ የእነ እንትና ቤት ልጅ ነው» የሚልበት መንገድ አለን?

በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪው ጥቂት፣ ግቢውም ጠባብ ነበር። የኮሌጅ ቀን የሚባለውን በዓል ታላቅ ያደረገው ግን ግጥም ነው። በ1953 ዓ.ም. የታምሩ ፈይሳ «ደኃው ይናገራል» የተሰማው በዚሁ የኮሌጅ ቀን መድረክ ላይ ነው። ዛሬ ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላም የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያንን ግጥም ሳይጠቅስ አያልፍም። የዚያን ቀን ተማሪዎቹ ምን ለብሰው እንደነበር ግን ማን ያስታውሳል?

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነገር መጣ። ተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄደ፣ አብዛኛውም እያስተማረ፣ እንዲያገለግል ግዴታ ነበረበት። ያ ትውልድ ሲገናኝ «አንተ የት ዘመትክ? አንቺስ የት አስተማርሽ?» ይባባላል። ትስስሩን የፈጠረው የከፈሉት ዋጋ ነው። ቅርባችን ያለችውን ጅማንም እንመልከት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከሁለት ተቋማት ተዋሕዶ የተመሠረተ ሲሆን፣ ትምህርቱ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነው ብሎ የተነሣ ነው። የጤና ተማሪዎቹ በመጨረሻው ዓመት በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠራሉ፤ ቲቲፒ ይሉታል። የጅማን ምሩቅ አንድ ሻይ ጋብዙትና ስለ ቲቲፒ ጠይቁት፤ ከዚያ በኋላ እሱን ማስቆም የእናንተ ፈንታ ነው።

ደግሞ ልብስ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ታሪክ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው ራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ተማሪው ተቃወመ፤ ረብሻ ተነሣ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ተቃዋሚዎቹ የባህል ወረራ ነው አሉ። የእኔ ሐሳብ እንዲያ አይደለም። የውጭ ልብስ ስለሆነ ይጣል አልልም፤ ዶርማችን ውስጥ የአርሴናል ማልያ ለብሶ የማያድር ስንት አለ? የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ቡኒና ቢጫውን ለብሶ ስታዲየም ሲገባ ማን ምን ይለዋል? ደጋፊው ግን ክለቡ ሲሸነፍም ይለብሰዋል፣ ዝናብ ሲዘንብም ይለብሰዋል። የክለብ ማልያና የጂሲ ቲሸርት ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። የኛው ቲሸርት የሚለበሰው ለአንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ የሚሆነው ቦንጋ ላይ መሆኑ ነው። ካፋ ምልክት ምን ያህል እንደሚከብድ ከማንም በላይ የሚያውቅ አገር ነው። የካፋ ንጉሥ ታቶ ይባል ነበር። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. ከተያዙ በኋላ ዘውዳቸው በምኒልክ ስዊሳዊ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ የተመለሰው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ዘውዱ ከአገር የወጣበት ምክንያት ሲነገር፣ እዚሁ እስካለ ድረስ ሕዝቡ መንግሥቴ አልፏል ብሎ አይቀበልም ተብሎ ስለተሰጋ ነው ይባላል። አንድ ራስ ላይ የሚደረግ ነገር ይህን ያህል የሚፈራው ከኋላው የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ ስለነበረው ነው እንጂ ዕቃው ስላማረ አይደለም።

ስምንም እንውሰድ። ኮፊ የሚለው ቃል ከካፋ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከዐረብኛው ቃህዋ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩን ለሊቃውንቱ እንተውላቸው። የአረቢካ ቡና መገኛ ይህ ደን መሆኑን ግን ዴቻ ወረዳ ማንኪራ ሄዶ የሚጠይቅ ሁሉ ይነገረዋል፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙም የተሠራው እዚሁ ቦንጋ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል። ስም ደግሞ ብር ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ውዝግብ የዓለም ዜና ሆኖ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ገበሬው ያመረተው ቡና ብቻ ሳይሆን የቡናው ስምም ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ ታየ። ታዲያ እኛ የትልቅ ስም ባለቤት በሆነ አገር ላይ እየተማርን፣ ስሙን ትተን ከፊልም የተቀዳ ቀልድ ደረታችን ላይ እናትማለን። ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ የቦንጋ በግ፣ ካፊኖኖ ቋንቋው፣ ጫካው፣ አንዱም አይታየንም። ትዕዛዙም ብዙ ጊዜ ወደ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የቦንጋ ወጣት ከኛ ምረቃ ፍርፋሪ እንኳ አይደርሰውም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ የሚሉኝን አውቃለሁ። «እባክህ ደስታችንን አትንካብን፤ አራት ዓመት በካፌ ሽሮ ተሰቃይተን አንድ ቲሸርት ብንለብስ ምን አለበት? ሁሉን ነገር ቁም ነገር ለምን ታደርገዋለህ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ደስታ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ቲሸርት የሚወደደው ላዩ ላይ ባለው የጓደኛ ፊርማ ነው፤ ያንን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን ልብ በሉ፣ ተወዳጁ ነገር ፊርማው ነው። ፊርማው ደግሞ በነጭ ካናቴራ ላይም ይሰፍራል። ደስታው ከጓደኝነቱ እንጂ ከሕትመቱ አለመምጣቱን ራሳችሁ መሰከራችሁ ማለት ነው።

ስለ አልሙናይም ጥቂት ልበል። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ገና ልጆች ናቸው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲም አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ከተማዋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነበራት፤ በካፋና በአካባቢው የገጠር ትምህርት ቤቶች ፊደል ያስቆጠሩት ብዙዎቹ መምህራን ከዚያ የወጡ ናቸው። እነዚያ መምህራን ቲሸርት አላሠሩም፤ ግን በየቀበሌው «ቦንጋ ነው የተማሩት» የሚባልላቸው ሰዎች ናቸው። በአንጻሩ የዛሬ ምሩቅ ከተማረበት ጋር የሚያገናኘው ምን ቀረው? ኮስት ሼሪንግ። ዲግሪውን ለማውጣት ይመጣል፣ ዕዳውን ይከፍላል፣ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህ የአበዳሪና የተበዳሪ ግንኙነት እንጂ የእናትና የልጅ አይደለም። ሥራ ፍለጋ ሲገባም «የት ተማርክ?» ሲባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚመልስ ብዙ ነው። ሁዲው ላይ በትልቁ ያሳተመውን ስም በአፉ ለመጥራት ያፍራል። ከዚህ የበለጠ የገዛ ራስን መካድ አለ?

ወቀሳ ብቻ እንዳይሆን ሦስት ሐሳብ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቲሸርቱ አንድ ይሁን። አራት ዓይነት ማሠራት ይቅርና በዓመት አንድ፣ ጥሩ ጨርቅ፣ ታጥቦ የማይለቅ፣ ከተቻለም እዚሁ ከተማ የሚታተም ይሁን። ዋጋው ላይ 20 ብር ይጨመር። ከፋዩ 500 ተማሪ ቢሆን 10 ሺህ ብር ነው፤ በዚያ ብር መክፈል ያልቻሉት ሁሉ ስማቸው በር ላይ ሳይለጠፍ ይለብሳሉ። አሜሪካኖቹ በሕግና በኩባንያ የሚሠሩትን እኛ በእድር ወግ ልንሠራው እንችላለን። እድር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ?

ሁለተኛ፣ ሥራው ይቅደም። የኛ ትምህርት ክፍል ለምሳሌ እያንዳንዱ ባች ከመውጣቱ በፊት ከካፋ አዛውንቶች አንድ ታሪክ ቀርጾና ጽፎ ለቤተ መጻሕፍቱ ትቶ ቢሄድስ? ስለ ጫካ ቡና ለቀማ፣ ቀፎ ዛፍ ላይ ስለመስቀል፣ ስለ ድሮው የቦንጋ ገበያ። ካፊኖኖ የሚችሉ ልጆች መካከላችን አሉ፤ እነሱ ይተረጉማሉ፣ የማንችለው እንጠይቃለን፣ እንቀርጻለን። በዚህ ሥራ የተሳተፈ ሁሉ፣ ከፈለም አልከፈለም፣ የመውጫ ፈተናውን አለፈም በሚቀጥለው ዙር ይሞክርም፣ ቲሸርቱ ይገባዋል። ላዩ ላይም የዚያ ዓመት ባች የሰበሰበው ታሪክ ርዕስ ይጻፍበት። ያን ጊዜ መንገድ ላይ የሚያገኘን ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛም የምንመልሰው ይኖረናል።

ሦስተኛ፣ ወጥተው የሄዱትን እንጥራቸው። ብር አምጡ ብለን አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቀደም ብለው የተመረቁ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች መጥተው ሥራ ፍለጋ እንዴት እንደሆነ፣ የት እንደተሳካላቸው፣ የት እንደወደቁ ይንገሩን። ያልቀናውም ይምጣ፤ ምናልባት የሚበልጠውን ትምህርት የምናገኘው ከእሱ ነው። አመሰግናለሁ ስንልም የዓመቱን ቲሸርት እናልብሳቸው። የትራንስፖርት ነገር ከከበደ ስልክ አለ። የቡና አገር ላይ ሆኖ ቡና ጠጡ ብሎ መጥራት ያቃተው ተቋም ምሩቃን ረሱኝ ብሎ ማማረር አይችልም። ይህን ደግሞ የግድ ከቢሮ ትእዛዝ መጠበቅ የለብንም፤ የክፍል ተወካይና አንድ ጀበና ይበቃል።

እነዚህ ሦስቱ ነገሮች ትልቅ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት ዘንድሮ የጀመርነውን የሚቀጥለው ባች እንዲረከበን ነው። ወግ የሚባለው እኮ ሌላ ምንም አይደለም፤ አንዱ ሠርቶ የተወውን ሌላው ሳይታዘዝ ሲቀጥለው ነው። እኛ ሁለተኛ ዓመቶች ለዚህ የተመቸን ነን፤ ከላያችን ያሉትን እናያለን፣ ከታች ለሚመጡት ፍሬሾች ደግሞ የምናወርሰውን ለመምረጥ ጊዜ አለን። የሚቀጥለው መዋጮ ሲመጣ እኔ የምጠይቀው ጥያቄ «ስንት ብር ነው?» የሚል ብቻ አይሆንም። «ምን ሠርተን ነው የምንለብሰው?» ብዬም እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ። መልሱ ከጠፋ ብሩን ኪሳችን እናቆየው፤ መልሱ ከተገኘ ግን መጀመሪያ ከሚከፍሉት አንዱ እኔ ነኝ።

ቸር እንሰንብት።